ሳይቃጠል በቅጠል፦ ጀፎሮና የጉራጌ ገጠር የእሳት መከላከያ

በጉራጌ ገጠር የእሳት አደጋ መኪና ከመታወቁ ከብዙ ዘመን በፊት እሳትን የሚከላከል ሥርዓት ነበረ። ይህ ሥርዓት ደመወዝተኛ አልነበረውም፤ ነዳጅና መለዋወጫም አይጠይቅም ነበር። የቆመው በሦስት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው በቤቶች ፊት የሚተወው ሰፊ ሜዳ፣ ሁለተኛው በየጓሮው የሚተከለው እንሰት፣ ሦስተኛው ደግሞ ጩኸት ሲሰማ የያዘውን ጥሎ የሚሮጠው ጎረቤት ነው። ከሦስቱ ለሌሎቹ መሠረት የሆነው ሰፊው ሜዳ ሲሆን ስሙም ጀፎሮ ይባላል።

ዛሬ ስለ ጀፎሮ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ውበቱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ይጎበኘዋል፤ ፎቶግራፍም ያነሳዋል፤ በየበዓሉ በሚታተሙ መጽሔቶች ሽፋን ላይም ይወጣል። ይሁን እንጂ አባቶች ያን ያህል መሬት ሳይታረስ እንዲቀመጥ የወሰኑት ለዓይን ስለሚያምር ብቻ አልነበረም። መሬት በጠበበበት አገር ሰፊ ሜዳን ባዶ መተው ትልቅ ወጪ ነው። ያ ወጪ የተከፈለው ለመንገድ፣ ለግጦሽና ለማኅበራዊ ኑሮ እንዲሁም አንዱ ቤት ሲነድ ሌላው እንዲተርፍ ነው። በመሆኑም ጀፎሮን መቁረስ የአንድን ገጠር ማኅበረሰብ የእሳት አደጋ አገልግሎት እንደ መቀነስ መቆጠር አለበት። ልዩነቱ ይህ ቅነሳ በምክር ቤት ውይይት ሳይቀርብበት፣ በበጀት መዝገብም ሳይጻፍ በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ እየሆነ መካሄዱ ነው።

የመንደሩ አቀማመጥ

በሰባት ቤት ጉራጌ ምድር፣ በቸሃም ሆነ በእዣ፣ በእኖርም ሆነ በጉመር፣ ነባሩ መንደር የሚሠራበት መልክ ተመሳሳይ ነው። ቤቶቹ ጀፎሮውን በመሐል አድርገው በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ፤ የሁሉም ደጃፍ ወደ ጀፎሮው ያያል። ጀፎሮው ሣር የለበሰ፣ ማንም የማያርሰውና ማንም የማያጥረው የጋራ መሬት ነው። ስፋቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም በጥንቱ ልክ ተጠብቆ የቆየ ጀፎሮ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ከሚያሳልፍ የአስፋልት መንገድ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ከየቤቱ ጀርባ የእንሰት ማሳ ይጀምራል፤ ከእንሰቱ ወዲያ የእህል እርሻ፣ የግጦሽ መሬትና ዛፍ ይከተላል።

አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር ዊልያም ሻክ በቸሃ ተቀምጠው ካጠኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» በማለት ለውጭው ዓለም አስተዋውቀዋል። እንሰቱን ያየ ሰው ግን ጀፎሮውን ሳያይ አያልፍም። የሁለቱ አቀማመጥ አንድ ላይ የታሰበ ነውና፤ ከፊት ሜዳ፣ ከኋላ እንሰት፣ በመካከል ቤት።

በጀፎሮ ላይ ሙሽራ ይታጀባል፤ አስከሬን ይሸኛል፤ ለቅሶ ይደረሳል። ሽማግሎች ጥላ ፈልገው በዳርቻው ተቀምጠው ነገር ያያሉ። ጥጃና በግ ይግጥበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ፈረስም ይጋለብበታል። የመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባና ከሌላው አገር የተመለሰው ሁሉ የሚገናኘው እዚያው ነው። የመስቀል ደመራም የሚለኮሰው በዚሁ ሜዳ ላይ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። እሳት በሚነድበት በዓል ቀን እሳቱ ከሣር ክዳን ርቆ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በሜዳ መሐል እንዲነድ ተደርጓል። ይህ በራሱ ጥንቃቄ ነው።

እሳት ሲነሳ

ነባሩ የጉራጌ ቤት በመካከሉ ምሰሶ ቆሞ፣ ጣሪያው በእንጨትና በማገር ተዋቅሮ በሣር የሚከደን ነው። ምድጃው ቤቱ ውስጥ ነው፤ ከብቱም ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። የምድጃው ጭስ ጣሪያውን እያጠቆረ ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቀዋል። በአንጻሩ በዓመታት ጭስ የደረቀ ሣር አንድ ብልጭታ ብቻ ይበቃዋል። ከበጋው ወራት በአንዱ፣ ነፋስ በበረታበት ቀን፣ ከምድጃ የተረፈ ፍም ወይም በልጅ እጅ የተያዘ ጭራሮ ቤቱን ሊያስነሳው ይችላል። መብረቅም ሌላው ምክንያት ነበር። በቀድሞው እምነት መብረቅ የቦዣ ኃይል ነው ተብሎ ይፈራ ስለነበር የቤት መቃጠል ከቁጣ ጋር ይያያዝ ነበር።

የሣር ክዳን አንዴ ከተያያዘ ያንን ቤት ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የመንደሩ ሰው የሚሮጠው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ሰው ይወጣል፤ ቀጥሎ ከብት ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ቀጣዩ ቤት ይዞራል። ከሚነደው ጣሪያ የሚነሳው የሣር ፍም በነፋስ እየተሸከመ ሌላ ጣሪያ ላይ ሲያርፍ አደጋው የአንድ አባወራ መሆኑ ይቀርና የመንደር ይሆናል። ፍሙ የሚጓዝበት መንገድ በረዘመ ቁጥር የመጥፋት ዕድሉ ይጨምራል። ጀፎሮ በሁለቱ ረድፍ መካከል የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እርጥብና አጭር ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ ለእሳት የሚበላ ነገር አይሰጠውም፤ በዚያ ላይ ለሚሮጠው ሕዝብ መተላለፊያ፣ ለወጣው ዕቃ መከመሪያ፣ ለተፈታው ከብት መሰብሰቢያ ይሆናል።

በጓሮና በጎን በኩል ያለው ሥራ ደግሞ የእንሰት ነው። እንሰት ግንዱም ቅጠሉም ውሃ የቋጠረ ተክል በመሆኑ እንደ ደረቅ አጥር ወይም እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል በቀላሉ አይያያዝም። ከዚህም በላይ ትልቅ ጥቅም አለው። ቆጮ የሚብላላው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ በጉድጓድ ውስጥ ነው። ቤቱ ከነዕቃው ቢነድም ከመሬት በታች ያለው ምግብ ይተርፋል፤ በማሳው የቆመው እንሰትም ይቀራል። እህሉን በጎተራ ብቻ የሚያስቀምጥ ገበሬ ቤቱ ሲቃጠል የዓመት ቀለቡን አብሮ ያጣል። እንሰት ያለው ግን መጠለያ እንጂ ምግብ አይለምንም።

መጠለያውንም ቢሆን ብዙ ቀን አይለምንም። ቤት የተቃጠለበት ሰው ብቻውን ቤት ሲሠራ አይታይም። አንዱ ምሰሶ፣ ሌላው ማገር፣ ሌላው ሣርና ልጥ ይዞ በደቦ ይወጣል። በጉራጌ ዘንድ የተለመደው የመረዳዳት ባህል በኋላ በአዲስ አበባ በዕድርና በዕቁብ መልክ እንደታየ ይታወቃል፤ መነሻው ግን እንዲህ ዓይነቱ የመንደር ግዴታ ነው።

የጀፎሮ ጠባቂዎች

ሜዳ ጠባቂ ከሌለው ሜዳ ሆኖ አይቆይም። እያንዳንዱ ባለይዞታ አጥሩን አንድ ስንዝር ወደፊት ቢያስጠጋ በአንድ ትውልድ ውስጥ ጀፎሮው የእግር መንገድ ብቻ ይሆናል። ይህን ያወቁ አባቶች የጀፎሮን ነገር ለባለቤቶቹ በጎ ፈቃድ አልተዉትም።

ሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎ የሚመራበት ቅጫ የተባለ ባህላዊ ሕግ አለው። የክስታኔ ጉራጌም በጎርደና ሴራ ይተዳደር ነበር። በእነዚህ ሥርዓቶች ደም፣ ጋብቻ፣ ድንበርና የጋራ መሬት በሽማግሎች ይዳኙ ነበር። ጀፎሮን የገፋ ሰው የሚከሰሰው ከጎረቤቱ ጋር እንደተጣላ ሰው አይደለም፤ በሁሉም ላይ በደል እንደፈጸመ ተቆጥሮ ነው። አጥሩን እንዲያነሳ ይታዘዛል፤ ይቀጣል፤ አሻፈረኝ ካለም ከማኅበራዊ ኑሮ ይገለላል። የተገለለ ሰው ቤቱ ቢነድ የሚደርስለት፣ ቢሞት የሚቀብረው አይኖርም። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር የተዛመደ ነበር፤ የጋራውን መከላከያ ያፈረሰ ሰው የጋራውን እርዳታ ያጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ይህ ሥርዓት እንከን አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሸንጎው የወንዶች ሸንጎ ነበር፤ በባህላዊው ሥርዓት በእደ ጥበብ የሚተዳደሩ ወገኖች ከእኩል ክብር ውጭ ተደርገው ኖረዋል። ሥርዓቱን መመርመር ያለፈውን ሁሉ ለመመለስ አይደለም። ቁም ነገሩ የጋራ መሬት ጠባቂና ቅጣት የነበረው መሆኑ ነው።

የራስን ሥራ በራስ

የጉራጌ ሕዝብ አገልግሎትን ከመንግሥት ብቻ ሲጠብቅ የኖረ አይደለም። ለዚህ ምስክሩ የመንገድ ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት በአዲስ አበባ ከሚኖሩ ነጋዴዎች፣ ከሠራተኞችና ከገጠሩ ገበሬ ገንዘብ አሰባስቦ ከመንግሥት ጋር በመተባበር ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስገቡ መንገዶችን አሠርቷል። በምሥራቁ በኩልም የዓለም ገና ወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበር በቡታጅራ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ለማሠራት ተመሳሳይ ትግል አድርጓል። ዛሬ ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው የሚገኙ የንግድ ከተሞች ሆነው ማደጋቸው ከእነዚህ መንገዶች ተለይቶ አይታይም።

ሁለቱ ከተሞች በኋላ የአስተዳደር ማዕከልም ሆነዋል። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነው ቀጥለዋል። ከተሞች ሲያድጉ የእሳት አደጋ መኪና፣ የሰለጠነ ሠራተኛና የውሃ መቅጃ ያስፈልጋቸዋል። ይህ የሚያከራክር አይደለም፤ በጀት ሲጠብ በቅድሚያ የሚቆረጠውም ይህ ወጪ መሆን የለበትም። የእሳት አደጋ አገልግሎት ጠባዩ እንግዳ ነው፤ እሳት ባልተነሳበት ዓመት ሥራ የፈታ ይመስላል፤ የቆጣቢ ዓይን የሚያርፈውም በእርሱ ላይ ነው። በተነሳበት ቀን ግን የተቆጠበው ገንዘብ አንድ መደብር አይተካም።

ሆኖም የገጠሩ ጉዳይ ከከተማው ይለያል። በዞኑ ከተማ የቆመ መኪና እስከ ጉመር ደጋ ወይም እስከ እኖር ቆላ መንደሮች ሲደርስ የሣር ቤት አመድ ሆኖ ይጠብቀዋል። ለገጠሩ ፈጥኖ የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ ለጎረቤቱ ጊዜ የሚሰጠው ደግሞ ጀፎሮ ነው።

ቅነሳው እንዴት መጣ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። አዋጁ ጭሰኛውን ከባለርስት ጫና ያላቀቀ ታላቅ ለውጥ እንደነበር የሚካድ አይደለም። ነገር ግን መሬት የማስተዳደሩ ሥልጣን ወደ ገበሬ ማኅበርና ወደ ቀበሌ ሲዛወር የሽማግሎች ሸንጎ ክንዱ ዛለ። ጀፎሮ የማን እንደሆነ ጥያቄ ሲነሳ መልሱ «የመንግሥት» የሚል ሆነ። የመንግሥት የሆነ ባዶ ሜዳ ደግሞ ለሚሰጠው ሹም ምቹ ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤትና መጋዘን ቦታ ሲፈለግላቸው ያለ ካሣ ክፍያና ያለ ክርክር የሚገኘው መሬት ጀፎሮ ነበርና።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የወል ይዞታን በሕግ እውቅና ሰጠው። በዚያው አዋጅ ላይ ግን መንግሥት የመሬት ባለቤት በመሆኑ እንደ አስፈላጊነቱ የወል ይዞታ ወደ ግል ይዞታ ሊዛወር እንደሚችል ተደንግጎ ነበር። ለግጦሽ ብቻ የሚያገለግል ሜዳ ከሆነ ክርክሩ ስለ ሣር ይሆናል። ለእሳት መከላከያ የሚያገለግል ሜዳ ሲሆን ግን ክርክሩ ስለ ሰው ነፍስ ነው። ይህ ልዩነት በመዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ስላልሰፈረም ብዙ ጊዜ አልተቆጠረም። አዋጅ ቁጥር 456 በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። የይዞታ ምዝገባ በሚካሄድበት በዚህ ጊዜ ጀፎሮ በምን ስም እንደሚመዘገብ የየወረዳው ኃላፊዎች ውሳኔ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ቅነሳ የመጣው በዛፍ በኩል ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ለጉራጌ ገበሬ ትልቅ የገቢ ምንጭ ሆኗል። ልጅ ያስተማረ፣ ቤት ያሠራ፣ ዕዳ የከፈለ ነው፤ ሊነቀፍ አይገባውም። ጥያቄው የሚነሳው ሲተከልበት ቦታ ላይ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ የረገፈው ቅጠልና የተላጠው ቅርፊት በበጋ ደርቆ ከሥሩ ይከመራል። እሳት ሲያገኘው በፍጥነት ይነዳል። ከቤት ርቆ የተተከለ ባሕር ዛፍ ንብረት ነው፤ በጀፎሮ ዳርቻና በቤቶች መካከል የተተከለው ግን እሳት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚሻገርበት ድልድይ ነው። በዚያ ላይ እንሰቱ በተነሳበት ቦታ ባሕር ዛፍ ሲገባ እርጥቡ አጥር በደረቅ አጥር ተለወጠ ማለት ነው።

ሦስተኛው የሕዝብ ብዛት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የጉራጌ ዞን ሕዝብ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ነበር። ልጅ ሲያድግ ጎጆ ይወጣል፤ የአባቱ ማሳ አይበቃውም። አጥሩን ወደ ጀፎሮው ያስጠጋው ሁሉ ስግብግብ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ብዙዎቹን ያስገደዳቸው ችግር ነው።

የሁለት ወገን ክርክር

ጀፎሮ ይቀነስ የሚሉ ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት አለ። አንደኛው ዛሬ ቤቱ ቆርቆሮ ስለሆነ የቀድሞው ስጋት የለም የሚል ነው። እውነት አለው፤ ቆርቆሮ የተበተነ ፍም ቢያርፍበት እንደ ሣር አይያያዝም። ነገር ግን ከቆርቆሮው በታች ያለው የእንጨት ግድግዳ፣ የባሕር ዛፍ ማገር፣ ፍራሽና የማገዶ ክምር ነው። በደጅ የጭድ ክምር አለ። በዚያ ላይ ቀድሞ ያልነበሩ መነሻዎች ተጨምረዋል፤ በአግባቡ ያልተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ለሞተር ብስክሌት በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን፣ በየሱቁ የሚከማች ዕቃ። የእሳቱ ዓይነት ተለወጠ እንጂ እሳቱ አልቀረም።

ሁለተኛው ምክንያት መኪና ከተገዛ ሜዳው አያስፈልግም የሚል ነው። ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ከባድ መኪና ውሃ ጭኖ የሚገባበት፣ ቆሞ የሚረጭበትና የሚዞርበት ቦታ ይፈልጋል። ጀፎሮ የተዘጋበት መንደር መኪና ቢመጣለትም አያስገባም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ብዙ የጉራጌ ተወላጆች ኑሯቸውን የመሠረቱበት የአዲስ አበባ መርካቶ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ በተባለው አካባቢ በደረሰ ቃጠሎ ከፍተኛ ጉዳት ደርሶበታል። አዲስ አበባ የእሳት አደጋ ተቋም ያላት፣ መኪናና ባለሙያ ያላት ከተማ ናት። ሆኖም የመደብሮቹ መጠጋጋትና የመተላለፊያው መጥበብ እሳቱን ለመቆጣጠር አዳጋች እንዳደረገው በወቅቱ ተገልጿል። መኪና ኖሮ ሜዳ ሲጠፋ የሚሆነው ይህ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የመሬት አልባ ወጣቶች ጥያቄ ነው፤ ይህ ከሁሉም የከበደ ነው። ወጣቱ መኖሪያና ሥራ ይገባዋል። ይሁን እንጂ አንድ ጀፎሮ ተቆርሶ የሚያስተናግደው ጎጆ ጥቂት ነው፤ የሚያጋልጠው ግን በሁለቱም ረድፍ ያለውን ቤት ሁሉ፣ አዲሱን ጎጆ ጭምር ነው። ከሁሉም በላይ ለእሳት ቅርብ የሚሆነው በሜዳው መሐል ቤት የተሰጠው ወጣት ራሱ ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ

እ.ኤ.አ. በ1666 የለንደን ከተማ ለአራት ቀን ነዳ፤ ከ13 ሺህ በላይ ቤቶች ጠፉ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የመልሶ ግንባታ ሕግ ቤት በጡብና በድንጋይ እንዲሠራ፣ መንገዶችም እንዲሰፉ ደነገገ። ለንደን የቤቶችን ርቀት በሕግ ያስከበረችው ከተቃጠለች በኋላ ነው። ያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ወጪ ለመቀነስ ሲባል አሥር የእሳት አደጋ ጣቢያዎችን በአንድ ቀን ዘጋች። ውሳኔው ከመፈጸሙ በፊት ነዋሪዎችና ሠራተኞች ሰልፍ ወጥተው ተቃውመዋል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ተቃዋሚዎቹ ባይሳካላቸውም ምን እንደሚቀነስባቸው ግን አስቀድመው ያውቁ ነበር። የጀፎሮ ቅነሳ ክፋቱ ይህን ዕድል እንኳ አለመስጠቱ ነው።

በጃፓን ገጠር ዛሬም እሳት የሚያጠፋው በአብዛኛው የመንደሩ በጎ ፈቃደኛ ቡድን ነው። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስ የእነዚህ ሰዎች ቁጥር እየቀነሰ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ800 ሺህ በታች ወርዷል፤ መንግሥቱም ይህን እንደ አገራዊ ስጋት ቆጥሮታል። ወጣቱ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች የሚሄድበት የጉራጌ ገጠርም ተመሳሳይ ጥያቄ አለበት። ሯጩ ጎረቤት ሲያንስ ሜዳው ይበልጥ ሊሰፋ እንጂ ሊጠብ አይገባውም።

በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ተራሮች ፓርክ እሳት በተነሳ ጊዜ ከውጭ ባለሙያ መጥቷል፤ በ2011 ሄሊኮፕተርም ከኬንያ መጥቶ ነበር። ያ ሁሉ እስኪደርስ ግን ቅጠልና አፈር ይዞ ከእሳቱ ጋር የተናነቀው የአካባቢው ገበሬ ነበር። ከሩቅ የሚመጣ እርዳታ ይከበራል፤ ይጠበቃልም፤ የመጀመሪያውን ሰዓት ግን አይሞላም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

ለአካባቢ ማኅበረሰብ ማሰብ ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች ሰባተኛው ነው። የገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ ከማሰብ አልፎ ራሱ ተጎጂ ሊሆን የሚችል አካል ነው። ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩ፣ በርበሬውና እህሉ በአንድ መጋዘን ይከማቻል፤ የብዙ መቶ አባላት የዓመት ድካም በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ስለሆነም የሚከተሉት ሥራዎች ከአቅም በላይ አይደሉም።

አንደኛ፣ መሠረታዊ ማኅበራት በየቀበሌያቸው ያለውን ጀፎሮ ከሽማግሎችና ከቀበሌው ጋር ሆነው ቢለኩ፣ ወሰኑንም በድንጋይ ቢያስከልሉ ቅነሳው ከእንግዲህ በስውር አይካሄድም። የተለካ ነገር ሲጎድል ይታወቃል። ሁለተኛ፣ በይዞታ ምዝገባ ወቅት ጀፎሮ በማኅበረሰቡ የወል ይዞታነት እንዲመዘገብ፣ በመግለጫውም የእሳት መከላከያነቱ እንዲጻፍ የወረዳ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶችን መጠየቅ ይቻላል። ሦስተኛ፣ አዲስ መጋዘን ሲሠራ ማኅበሩ ራሱ ጀፎሮ ላይ እንዳይሠራ መጠንቀቅ አለበት፤ ሌላውን ለመምከር በቅድሚያ ራስን ማስተካከል ይገባልና። መጋዘኑም ከቤቶች ራቅ ብሎ፣ አሸዋ፣ የውሃ በርሜልና የእሳት ማጥፊያ ይዞ ቢሠራ መልካም ነው። አራተኛ፣ ባሕር ዛፍ ከቤትና ከጀፎሮ ዳር ምን ያህል ርቆ መተከል እንዳለበት በየመንደሩ መተዳደሪያ ደንብ ቢወሰን፣ በተነሳው ቦታ እንሰት ቢመለስ ጥቅሙ እጥፍ ነው። አምስተኛ፣ የወልቂጤና የቡታጅራ ከተማ አስተዳደሮች ለእሳት አደጋ አገልግሎት የሚመድቡት በጀት እንዲጠበቅ የገጠሩ አባላት ከከተማው ነዋሪ ጋር ድምፃቸውን ማሰማት አለባቸው። የገበሬው ምርት የሚሸጠው በእነዚያ ከተሞች ገበያ ነውና የከተማው እሳት የገጠሩም ኪሣራ ነው።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በአንድ የበጀት ዓመት ያልተገዛ መኪና በሚቀጥለው ዓመት ሊገዛ ይችላል። የተቀነሰ ሠራተኛም ተመልሶ ሊቀጠር ይችላል። ጀፎሮ ግን አንዴ ቤት ከተሠራበት፣ ልጅ ከተወለደበት፣ የይዞታ ደብተር ከተሰጠበት በኋላ ሰውን አፈናቅሎ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው፤ ፍትሐዊም አይሆንም። መከላከል የሚቻለው ዛሬ ባለው ስፋት ላይ ነው። ስለዚህ የየማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ማዳበሪያ ዋጋና ስለ ትርፍ ክፍፍል ሲወያይ የጀፎሮን ወሰን ከአጀንዳዎቹ አንዱ ቢያደርገው፣ አባቶች ያለ ደመወዝ ያቆሙትን የእሳት መከላከያ ለልጆች ማስተላለፍ ይቻላል።